ሁለት አስቴሮች፣ አንድ ማይክ

ድግስ ላይ ማይክ የጨበጠች ሴት ሁሉ ለምን አስቴር አወቀን እንደምትመርጥ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቀላል ዘፈን ጠፍቶ አይደለም። ትንፋሽ የማይጨርስ፣ ጉሮሮ የማያስቆጣ፣ ሕፃን አዋቂው በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ሞልቷል። ያን ሁሉ ትታ፣ አስቴር እንኳ ዓይኗን ጨፍና የምትወጣውን አቀበት የእኛ እህት ከምሳ በኋላ በሙሉ ሆዷ ልትወጣው ትነሳለች።

አንጀት የሚበላው ደግሞ አጀማመሩ ነው። የአስቴር ዘፈን ብዙ ጊዜ መግቢያው ለስላሳ ነው፤ ያታልላል። የመጀመሪያዋን ስንኝ በሰላም ያለፈች ሴት ፊቷ ይበራል፣ ትከሻዋ መነቃነቅ ይጀምራል፣ ቁጭ ብለው የሚያይዋትን ጓደኞቿን «ነግሬያችሁ አልነበር?» በሚል ዓይን ትቃኛቸዋለች። ከዚያ አዝማቹ ይመጣል።

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። ማይክ የባንዱ ወይም የዲጄው ንብረት ነበር። ሞንታርቦውን የሚያከራየው ሰውዬ ማይኩን ከሚስቱ አስበልጦ ነበር የሚጠብቀው፤ ለሽማግሌ ምርቃት ካልሆነ ለማንም አይሰጥም። አሁን ግን ዘመን ተለውጦ፣ ጎማ ያለውና እየተጎተተ የሚሄድ የቻይና ስፒከር መጥቷል። ሁለት ማይክ አለው። ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦግበታል። ቻርጅ ከተደረገ መብራት ሄደ አልሄደ ግድ የለውም። ሲከፈት ደግሞ ውስጡ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ብሉቱዙ መገናኘቱን በእንግሊዝኛ ታበስራለች። ከድግሱ ሴቶች ሁሉ ድምፅዋ ሳይሰበር የምትጨርሰው እሷ ብቻ ናት።

ይህ ስፒከር አዲስ አበባ ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ከነቀምት ቁልቁል ወርዳችሁ የአንገርን ሸለቆ ሙቀት ስትቀምሱ፣ በቆሎና ሰሊጡን አልፋችሁ አንገር ጉቲን ስትገቡም ታገኙታላችሁ። እኔም በደንብ የተዋወቅሁት እዚያው፣ የዘመድ ልጅ መልስ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ለተወሰኑ ዓመታት ድንኳን የሚተከለው ከሠርግ ይልቅ ለሐዘን ነበርና፣ ሰዉ ዘፈን ናፍቆት ነበር የመጣው። ቢያንቋርሩም ለማጨብጨብ የተዘጋጀ እንግዳ ነበር ማለቴ ነው። እንዲህ ያለውን ደግ ታዳሚ ማስቀየም ቀላል አይደለም፤ ግን ተቻለ።

ስፒከሩን ያመጣችው የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ። ዩቲዩብ ላይ ድምፁ የወጣለትና ሙዚቃው ብቻ የቀረ የአስቴርን ዘፈን ከፈተች። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው፣ ኋላ አሜሪካ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ1989 «አስቴር»፣ በ1991 ደግሞ «ካቡ» በተሰኙት አልበሞቿ የፈረንጅን ጆሮ የያዘችው አስቴር፣ የውጭ ጋዜጠኞች ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር ያወዳደሯት ያለ ነገር አይደለም። የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ግን ይህን ሁሉ አላሰበችበትም። መኪና ውስጥ ከካሴቱ ጋር ስትዘፍን ጥሩ ይወጣላት ነበር። መኪና ውስጥ ለሁላችንም ይወጣልናል፤ አስቴር አብራን ስላለች ነው።

አዝማቹ ጋ ስትደርስ ድምፁ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ ግን ሌላ ቦታ ነበር የወጣው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ዓይኗን ጨፍና ቀጠለች። ያኔ አንዲት ሙዚቃ የምታውቅ መምህርት ከኋላ ሆና «ዝቅ አድርጉላት!» ብላ ጮኸች። ከሚዜዎቹ አንዱ ለመርዳት ተሯሩጦ ቁልፉን አዞረ። ዝቅ ያደረገው ግን ቶኑን ሳይሆን የሙዚቃውን ድምፅ ነበር። ሙዚቃው ጠፋ፤ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። በዚያ ላይ ሲነካካ ማስተጋቢያውን ከፍቶት ኖሮ፣ የሳተችውን ሁሉ ድንኳኑ ሦስት ሦስት ጊዜ መለሰላት።

ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ቀጥላ የተነሳችው ወጣት ጉዳዩን አስተካክላለሁ ብላ አምባሰል አለች። የሙሽራዋ አባት ቤተሰቦች በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ ከመጡት ሰፋሪዎች ወገን ስለሆኑ፣ አምባሰል ሲባል እልልታው ቀለጠ። ቅኝቱ የአያቶቿ ነው፤ ማን ይከለክላታል? ነገር ግን አምባሰልን እንደ ማሪቱ ለገሰ ለማለት ማሪቱ ለገሰን መሆን ያስፈልጋል። ይህችም እህት ከገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ኋላ ሳቅ አለችና ማይኩን ለሦስተኛዋ አቀበለች። በኔ አስተያየት የዕለቱ ብልህ ዘፋኝ እሷ ነበረች።

ይህን መከራ የፈጠረውን የካራኦኬ ማሽን ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ? ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ኮቤ በምትባል ከተማ በየመጠጥ ቤቱ ለእንግዶች ሙዚቃ እየተጫወተ ይኖር ነበር። አንድ የኩባንያ ባለቤት ደንበኛ ነበረው፤ መዝፈን የሚወድ፣ ግን የማይችል። ኢኖዌ የሰውየውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሲዘገይ ይጠብቀዋል፣ ሲፈጥን ይከተለዋል። አንድ ቀን ሰውየው ከሠራተኞቹ ጋር ለጉዞ ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። ኢኖዌ ስላልተመቸው፣ ለሰውየው ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ሙዚቃውን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ሰውየው ዘፈነ፤ ደስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንቲም የሚበላው የኢኖዌ ማሽን በኮቤ መጠጥ ቤቶች ቆመ። የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግብ ስለቀረ ከዓለም ካራኦኬ ቤቶች የሚገባው ገንዘብ አመለጠው። ከእሱ በፊት ሌላ ጃፓናዊ ተመሳሳይ ሣጥን ሠርቶ ነበር ይባላል፤ የክብሩ ክርክር የእነሱ ነው።

እኔን የነካኝ የታሪኩ መነሻ ነው። ካራኦኬ የተወለደው መዝፈን ለማይችል ሰው ካዘነ ልብ ነው። ሙዚቀኛው ወደ ዘፋኙ ወረደ እንጂ ዘፋኙ ወደ ሙዚቀኛው አልወጣም። የእኛ አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ያንኑ ነበር የሚያደርገው፤ ግጥም የሚሰጠውን ሰው ሁኔታ አይቶ ነው ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው። ከዩቲዩብ የሚወርድ ሙዚቃ ግን የማንንም ጉሮሮ አይቶ አያውቅም። በአስቴር ልክ ተሰፍቷልና በአስቴር ልክ ይመጣል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ኢኖዌ ሽልማት አገኘ፤ ሰውን መጀመሪያ አስቆ ኋላ ለሚያሳስቡ ሥራዎች የሚሰጠው ኢግ ኖቤል፣ ያውም የሰላም ዘርፉ። ምክንያቱ ደግሞ ካራኦኬ የሰው ልጅ እርስ በርሱ መቻቻልን የሚማርበት አዲስ መንገድ ነው የሚል ነበር። ሸላሚዎቹ ቀልደው ነው። አንገር ጉቲን ድንኳን ውስጥ የነበረ ሰው ግን ቀልዱን በቁም ነገር ነው የሚወስደው።

ጃፓኖቹ የማሽኑን ነገር ከጨረሱ በኋላ ወደ ዘፈኑ ሄዱ። አይዶል የሚሏቸው ወጣት ሴት ዘፋኞች አሏቸው። ኤኬቢ ፎርቲ ኤይት የሚባለውን ቡድን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቶክዮ ውስጥ አኪሃባራ በሚባል ሠፈር የተቋቋመ የልጃገረዶች ስብስብ ነው። ብዙ ሆነው አንድ ላይ ይዘፍናሉ። በ2013 ያወጡት «ኮይሱሩ ፎርቹን ኩኪ» የሚባል ዘፈናቸው እጅግ ታዋቂ ሆኖ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሁሉ በየቢሮው እየጨፈረ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። ዜማው ሩቅ አይወጣም፤ ዳንሱ ባልዲ ተሸክመሽም ልትጨፍሪው የምትችይው ዓይነት ነው። አድማጯ ልጅ ማታ ካራኦኬ ቤት ገብታ ስትሞክረው እንድትችለው ታስቦ የተሠራ ይመስላል። የአይዶሏ ውበት «እኔም እኮ እሷን መሆን እችል ነበር» ማስባሏ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዘፋኝን የምናከብራት ማንም የማይችለውን ስለቻለች ነው። ቅላፄዋ ካልተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሿ ካልረዘመ፣ «ይሄንንማ ማንም ይዘፍነዋል» ተብላ ትቀራለች። ቀላል ዘፈን መምረጥ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ለእንግዳ ሽሮ ማቅረብ ይመስል። ስለዚህ የአክስት ልጆቻችን ሁሉ ክትፎ ለማቅረብ ሲሉ ጥሬ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ።

አይዶል የሚለውን ስም እኛም ወስደነዋል፤ በቴሌቪዥን። ባላገሩ አይዶል መጣ፣ ፋና ላምሮት መጣ፣ ከገጠር የመጡ ድንቅ ድምፆችን አየን። ጥሩ ነው። ግን አንድ ጣጣ ይዘው መጡ፤ ተመልካቹን ሁሉ ዳኛ አደረጉት። ዛሬ ድንኳን ውስጥ ጠላውን ይዞ የተቀመጠ አጎት ሁሉ «ቅኝት ስታለች»፣ «ከምቱ ወጥታለች»፣ «የመድረክ አያያዟ ግን አይከፋም» እያለ አስተያየት ይሰጣል። አጎትየው ራሱ ሲያፏጭ ከብት ይደነብራል። ግን ዳኛ ነው። ድሮ ዳኛ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው መቀበል ስለነበረበት ለመዳኘት ጊዜ አልነበረውም።

ወደዚህ ነጥብ ነበር ልመጣ የፈለግሁት።

በዚያ መልስ ላይ አኮ ነበሩ፤ የሙሽራዋ የእናቷ እናት። የወለጋ ልጆች አያታቸውን አኮ ይላሉና እኛም ከአማርኛ ተናጋሪው ወገን የሆንነው አኮ እንላቸዋለን። ሦስቱም ዘፋኞች ከወደቁ በኋላ የልጅ ልጃቸው «አኮ፣ እርስዎ ይሞክሩት» ብላ ማይኩን ሰጠቻቸው። ለቀልድ ነበር። አኮ ማይኩን ተቀብለው አገላበጡት፣ እፍ አሉበት፣ ድንኳኑ እፍ ሲል ፈገግ አሉ። ከዚያ ለራሳቸው አላስጠጉትም። ከጎናቸው ወደተቀመጡት ሴቶች መሃል አስገብተው «እኔንማ ይሰሙኛል፤ ይሄ ለተቀባዮቹ ይሁን» አሉ።

እና ጀመሩ። የጀመሩት ደግሞ ስድብ ነው! በኦሮሞ ሠርግ ሴቶች የሙሽራውን ወገን በዘፈን የሚሳደቡበት ወግ አለ፤ አረብሶ ይሉታል። መከፋት ክልክል ነው፤ መመለስ ግን ይቻላል። አኮ ሙሽራው ቁመቱ ማጠሩን፣ ሚዜዎቹ አንጮቴውን በቅቤ ሲያዩ ዓይናቸው መፍጠጡን፣ አማቶቹ ያመጡት ስጦታ መሳሳቱን በተራ በተራ አነሱ። ድምፃቸው እርጅና የገባበት ነው፤ ከንግግር ብዙም አይርቅም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያቆማሉ። ሲያቆሙ ግን ክፍተት የለም፤ ተቀባዮቹ አሉ። ማይኩም እነሱ ጋ ነው። ያቺኑ አንዲት መልስ እየደጋገሙ ድንኳኑን ሞሉት። ኦሮምኛ የማይችሉት የወሎ ሴቶች ሳይቀሩ በሁለተኛው ዙር መልሱን ለምደው ገቡ፤ ከበሮ የያዘችውም ከእነሱ ወገን ናት። ቅድም በአስቴር የተዋረደችው የአክስት ልጅ ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። ድምፅ ነበራት ለካ። የሙሽራው አክስት በመጨረሻ መቀመጥ አልቻሉም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው መልስ ሊሰጡ ተነሱ። ስለ አኮ ጥርስ የተናገሩትን እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ቅኝት አላወራም። አጎትየው እንኳ ያጨበጭብ ነበር።

ወለጋ ይህ የመቀባበል ልማድ በሠርግ ብቻ አይደለም የኖረው። ነቀምትና አካባቢዋ ያደጉ ብዙ ሴቶች ዘፈን የለመዱት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነው። የኳየር ልጅ ብቻዋን አትዘፍንም። አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋ ትይዛለች፤ የሳተችውን የጎኗ ታነሳታለች። እንዲህ ያደገች ልጅ ስፒከር ፊት ብቻዋን ስትቆም ድምጿ ቢጠፋ ምን ይገርማል? ድሮም ግማሹ ድምጿ የጎረቤቷ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለተኛዋን አስቴር ላንሳ። ነቀምት የኖረችውን።

አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ፣ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣልያኖች ጀልባዋን ይዘው ነፃ አወጧት፤ ኤርትራ ውስጥ እምኩሉ በሚባለው ቦታ የስዊድን ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ገባች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦነሲሞስ ነሲብ የቋንቋ ተሰጥኦዋን አይቶ የሥራ ባልደረባው አደረጋት። በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲታተም የእሷ እጅ አለበት። ለዚህ ጨዋታ የሚስማማኝ ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ከሰውም ከአገርም ተነጥላ ሳለ፣ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖች እስከ አምስት መቶ ድረስ ጽፋ አስቀመጠች። ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። በ1904 እ.ኤ.አ. ከኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ መጥታ ነቀምት ላይ አስተማረች።

አስቡት እስቲ። ከቤቷ የወጣችው በግድ፣ ያውም ልጅ ሆና ነው። ካሴት የለ፣ ስልክ የለ። ዘፈኖቹ አብረዋት የቀሩት አስቸጋሪ ስለነበሩ አይደለም። ልጅ ሆና ከሴቶች ጋር ስትቀበል የያዘቻቸው፣ አፍ ላይ የሚቀሩ ዘፈኖች ስለነበሩ ይመስለኛል። አስቴር አወቀን መቶ ጊዜ ሰምተን አዝማቹ ላይ እንወድቃለን፤ አስቴር ጋኖ ከልጅነት የሰማችውን እምኩሉ ቁጭ ብላ ጻፈችው። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው። ማይክ ሲሰጠኝ ግን የትኛዋን እንደምከተል አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ጃፓኖቹና እኛ በዜማ የምንራራቅ አይደለንም። ኤንካ የሚሉት የቆየ ዘፈናቸው በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፤ የእኛም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንዲሁ። ኤንካን የሰማ ሐበሻ «ይሄ ትዝታ አይደለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። የቃኘው ዘማቾች ከኮሪያ ጦር ሜዳ ለዕረፍት ጃፓን ሲሻገሩ ጆሯቸው ብዙም የከፋው አይመስለኝም፤ ጃፓናዊቷን ቆንጆ የሚያነሳ የአማርኛ ዘፈንም ከዚያ ዘመን በኋላ ተደምጧል። ዜማው ቅርብ ከሆነ ብልሃቱን መዋስ ምን ያሳፍራል?

እንግዲህ ሠርግ የተጠራችሁ እህቶቼ፣ ምክሬን ስሙኝ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆች በየበሩ የሚሉትን አበባየሆሽን ማንም አያበላሸውም፤ አውራጇ ብትስት እንኳ ተቀባዮቹ አንዲት ቃል ብቻ ናትና የሚመልሱት ያድኗታል። የሙሽራ ዘፈኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። ከዘመኑ ካላልኩ የምትል ካለች የዘሪቱ ከበደ ብዙ ዘፈኖች ከንግግር አይርቁም፤ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፋችሁ የምትሉት ዓይነት ናቸው። ቤቲ ጂ ደግሞ በኦሮምኛ የዘፈነችው አለ፤ ነቀምትም ሆነ አንገር ጉቲን ተቀባይ አታጡም። የግድ አስቴር የምትል ደግሞ ከምሳ በፊት ትዝፈን፤ ስልኳ ላይም ቶኑን ዝቅ የሚያደርግ መተግበሪያ ትጫን፤ ያንን የሚዜውን ቁልፍ ማንም እንዳይነካባት ሰው ታቁም።

ድንኳን ውስጥ የተቀመጣችሁ አጎቶችም ዳኝነቱን ለቴሌቪዥን ተዉት፤ ተቀበሉ። ማይኩ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለዘፋኟ አትስጧት፣ ለተቀባዮቹ ስጡ።